አርባ ሴንቲሜትር

ባለቤቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የአንድ ወንዝ ቁመት ሲለካ ኖረ። ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ቢሰጡትም የሚቀበል አይመስለኝም። ሰፈሩ ስሙን ረስቶ «ሴንቲ» ነበር የሚለው። ዳቦ ቤት የተላኩ ልጆች ከሩቅ ሲያዩት «ጋሽ ሴንቲ፣ ዛሬ ስንት ነው?» ይሉታል። እሱም ቆሞ በቁም ነገር ይነግራቸዋል። ልጆች ናቸው ብሎ ቁጥሩን አያጠጋጋም።

ይህንን የምጽፈው የልጅ ልጄ ስለ እሱ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ስላልበቃኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሀገሮች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኗኗሩ ነው። ባለፈው ዕረፍቷ መጥታ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በወረቀት አልብሳው ሰነበተች። የምትጽፈው ሊበራሊዝም ስለሚባል ሐሳብ ነበር። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሷ አስረዳችኝ። አንዳንድ ምሁራን፣ ሀገር ሁሉ ሌላውን ሀገር ስለሚፈራ የሚተማመነው በጉልበቱ ብቻ ነው ይላሉ። ሊበራሎቹ ደግሞ የለም፣ ሀገሮች ከተነጋገዱ፣ የጋራ ሕግ ካወጡ፣ ሕጉን የሚጠብቅ የጋራ መሥሪያ ቤት ካቋቋሙ፣ አንዱ ሌላው ምን እንደሚያስብ እያወቀ ስለሚሄድ ከመጣላት መተባበሩ ይቀላቸዋል ይላሉ።

«ይኼማ አያትሽ ነው» አልኳት።

ሳቀችብኝ፤ ግን ጻፈችው። መምህሯ ከጎኑ በቀይ «ሁለት የስልክ ሠራተኞች ሀገር አይደሉም» ብሎ መለሰላት። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከመምህር ጋር አልከራከርም። ያየሁትን ግን ልጻፍ።

ወንዙ ከእኛ ሀገር ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ሀገር ይወርዳል። ውኃው እኛ ደጅ ካለፈ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተጉዞ፣ ድንበሩን እንደተሻገረ የእነሱን ግድብ ያገኛል። ግድቡ አምስት የብረት በር አለው። እኛ የውኃውን ቁመት ካልነገርናቸው ጎርፉ ሳያስቡት ይደርስና በሮቹን በአንዴ ይከፍታሉ፤ ያን ጊዜ ከግድቡ ሥር ያሉት ቤቶች ይጠረጋሉ። እነሱ በሩን ዘግተው ካልነገሩን ደግሞ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ ድንበር ዳር ያለውን የእኛን እርሻ ይውጠዋል። እንግዲህ ቢዋደዱም ባይዋደዱም መነጋገር ነበረባቸው።

የእኛ ጣቢያ ማለት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከበሩ እስከ ወንዙ ሠላሳ ስምንት የድንጋይ ደረጃ አለ። ከታች፣ ውኃው ውስጥ፣ ነጭና ጥቁር የተቀባ ሰሌዳ በሲሚንቶ ተተክሏል። ባለቤቴ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ቦት ጫማውን አድርጎ ይወርዳል። ማዕበል ካለ ውኃው ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ጠብቆ መካከሉን ይይዛል። ለዚህ ሲል ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ከመስኮት ሳየው ወንዙን የሚጠቅስ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወጥቶ የግድግዳውን ስልክ እጀታ ያሾራል።

«ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት።»

«ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት» ይላል ከግድቡ ያለው ሰውዬ።

«ትክክል።»

«ሁለት በር ክፍት፣ ሦስት ዝግ።»

«ሁለት ክፍት፣ ሦስት ዝግ።»

«ትክክል።»

የሰማ ይደግማል፤ የተናገረ ትክክል ይላል። ትክክል ሳይባል ስልክ አይዘጋም፣ ሰላምታ እንኳ አይቀድመውም። ይህ ሁሉ ከስልኩ በላይ በመስታወት ገብቶ በተሰቀለ ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሁለቱ ሀገሮች የጋራ የወንዝ ኮሚቴ ያወጣው ስምምነት ነው፤ አሥራ አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ማኅተም። የሠርጋችንን ፎቶ እዚያ ልስቀል ብለው «እሱ ቦታ ተይዟል፣ እኛ ጠጋ እንበል» አለኝ። ፎቷችን ይኸው እስከ ዛሬ ከጎን ነው።

የግድቡን ሰውዬ ባለቤቴ «በረኛው» ይለዋል፤ በሮቹን የሚጠብቀው እሱ ነዋ። ቋንቋችንን የለመደው ድንበር ላይ ካለው ገበያ ነው። ሲናገር ቃላቱን እንደ ዕቃ አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት በመልክ አይተዋወቁም፤ «እርስዎ» ነበር የሚባባሉት። ጣጣውን ያመጣውም ይኸው እርስዎ መባባላቸው ነው።

በዚያ ዓመት የእኛ መሥሪያ ቤት የድሮውን ሰሌዳ ነቅሎ አዲስ ተከለ። የአዲሱ ዜሮ ከድሮው አርባ ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ወንዙ ሳይቀንስ ቁጥሩ በአርባ ቀነሰ። የእነሱ የበር ሠንጠረዥ ግን በድሮው ሰሌዳ የተሠራ ነው። ባለቤቴ «ሰውዬው ምን አደረገኝ ብዬ በየቀኑ ደምር ልበለው» ብሎ አርባውን ራሱ ደምሮ ይናገር ጀመር። በረኛውም ስለ አዲሱ ሰሌዳ ደብዳቤ ደርሶት ነበርና «እሳቸውን ለምን ላስቸግር» ብሎ እሱም አርባ ይጨምራል። ሁለቱም ለሌላው አዝነው፣ ሁለቱም ይህንኑ ሳይናገሩ፣ አሥራ አንድ ቀን ቆዩ።

ከታች ያሉት ውኃው የበዛ መስሏቸው በሮቹን ከፋፈቱ። ግድቡ ጎደለ፣ ቦያቸው ደረቀ፣ የአትክልት ችግኛቸው ጠወለገ። ከዚያማ ወሬው ሌላ ሆነ። የላይኞቹ ሆን ብለው ነው የሚዋሹት፣ ሊያደርቁን ነው ተባለ። የእኛዎቹም ስማችን ጠፋ ብለው ተቆጡ። ሁለቱ ሰዎች የጋራ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ባለቤቴ ያለችውን አንድ ኮት ለብሶ በአውቶቡስ ሲሄድ እኔ የምንባረር መስሎኝ ዕቃ መሸካከፍ ጀምሬ ነበር።

የሆነውን ደጋግሞ ስለነገረኝ የነበርኩበት ያህል አውቀዋለሁ። ሰብሳቢዋ በዕድሜ የገፉ መሐንዲስ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁት።

«በዚያ ቀን ሰሌዳው ላይ ያዩት ስንት ነበር?»

«ሁለት ሜትር ከአሥር።»

«የተናገሩትስ?»

«ሁለት ከሃምሳ። እሳቸው እንዳይቸገሩ አርባውን እኔው ደመርኩላቸው።»

ሰብሳቢዋ ወደ በረኛው ዞሩ። እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። «እኔም እሳቸው እንዳይቸገሩ ብዬ» አለ ከእጁ ሥር።

መጀመሪያ የሳቁት ሰብሳቢዋ ናቸው። «ሁለት ጨዋ ሰዎች ሁለት ሀገር ሊያጣሉልን ነበር» አሉ። ያን ቀን አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ተጨመረ፦ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰሌዳ ብቻ ይናገር። ሁለቱ ሰዎች ከአዳራሹ ወጥተው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንተ ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ አንዳቸው ይሉኝታ ሲያበዛ ሌላው «አርባ አትጨምር» ይለዋል። እኔም ተምሬዋለሁ። እንግዳ መጥቶ ጠግቤያለሁ እያለ ዓይኑ ሳህኑ ላይ ሲቀር «አርባ አይጨምሩ» እለዋለሁ፤ ግራ ይገባዋል፣ ግን ይበላል።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ቁጥሩና በሩ ተነግሮ ትክክል ከተባለ በኋላ ወሬው ይቀጥላል። የማን ልጅ ጥርስ አወጣ፣ ማንን ጉልበቱን ቆረጠመው። የበረኛው ሚስት ስትታመም ባለቤቴ ቁርሱን ሳይነካ ውሎ ነበር፤ ሴትዮዋን በዓይኑ እንኳ አይቷት አያውቅም።

አንድ ጊዜ ለቀዶ ጥገና ሐኪም ቤት አሥር ቀን መተኛት ግድ ሆነበት። ተተኪ የሚልክለት አላገኘም። «አንቺ ትደውያለሽ» አለኝ።

«መሃይም ሴት ከሌላ ሀገር ጋር ልነጋገር?»

«አሁን መሃይም ነሽ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለን።»

ቁጥሩን ከሰሌዳው፣ ፊደሉን ከግድግዳው ወረቀት አስተማረኝ። እስከ ሰኞ ቁጥሩ ደረሰልኝ፤ ፊደሉ ዓመት ፈጀ። እስከ መጨረሻው ያነበብኳት የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር አንቀጽ አንድ ናት፦ «ሁለቱ ወገኖች ወንዙ የጋራቸው መሆኑን ተቀብለዋል።» ለዚህ ነው መሰለኝ ደብዳቤ ስጽፍ ዛሬም ማኅተም የጎደለው ይመስላል።

ፊደል በለየሁ በሁለተኛው ዓመት ነው ነገሩ የተበላሸው። መንግሥታቱ ተኳረፉ። በምን እንደተጀመረ ሬዲዮውም በየቀኑ የተለየ ነገር ይል ነበር። ድልድዩ ተዘጋ፣ የድንበሩ ገበያ ተበተነ። ሰፈር ውስጥ «ጋሽ ሴንቲ፣ ዛሬ ስንት ነው?» የሚለው ቀርቶ «ዛሬም ከእነሱ ጋር ታወራለህ?» ሆነ። የክረምቱ መግቢያ ነበር። በዚያው ሰሞን የበረኛው የመጀመሪያ ልጅ ወልዳ አራስ ነበረች፤ ቤቷ ከግድቡ ሥር፣ ከወንዙ ዳር ነው።

የወረዳው ኃላፊ አንድ ሰኞ ጧት የስልክ ጥገና ሠራተኛ አስከትሎ መጣ። ወጣት ነው፤ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል የተማረ። ሰላም ብሎን ቆመና «ስልኩ ይነሣ ተብሏል» አለ።

ባለቤቴ ወንበር አቀረበለት። «ደብዳቤው አለ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«አንቀጽ ዘጠኝ። የውኃውን ቁመት መነጋገሩን ማቋረጥ የሚፈልግ ወገን ከሠላሳ ቀን በፊት ለሌላው በጽሑፍ ያስታውቃል። ከራስህ በላይ ነው፣ ዞር ብለህ እየው።»

ኃላፊው ዞሮ አየ። የስልክ ሠራተኛውም መፍቻውን እንደያዘ አብሮ ያነብ ጀመር።

«ጋሼ፣ ሀገር ተጣልቶ እርስዎ አንቀጽ ይቆጥራሉ?»

«አንቀጽ የተጻፈው ለዚህ ጊዜ እኮ ነው ልጄ። ስንዋደድማ ሰላምታው ይበቃን ነበር።»

«ከጠላት ጋር ይወግናል ቢሉዎትስ? ይኼ ቤትም የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ተመለሰ። «የእነሱ በር ካልተነገረን የሚሰምጠው የእኛ ገበሬ ነው» አለ። «ደብዳቤው ይጻፍና እኔ ራሴ እፈታልሃለሁ። ግን ማን ፈረመ ተብሎ ይጠየቃል። አንተ ትፈርማለህ?»

ኃላፊው ያቀረብኩለትን ሻይ ጠጣ። ሲወጣ ለሠራተኛው «ለጊዜው ተወው» አለው፤ ለእኛ ደግሞ «ሠላሳ ቀን» አለን። ባለቤቴ ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጧቱ ቁጥሩን ተናግሮ ሲዘጋ፣ ስልኩን በቅርቡ ሊያጣው እንደሆነ ዕቃ አስተካክሎ ይሰቅለዋል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተራራው ላይ ዘነበ። ጧት ሦስት ሜትር ከዘጠና ነበር። ረፋዱ ላይ አምስት ሜትር አለፈ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሊወርድ ቢል ሠላሳ ስምንቱ ደረጃ አሥራ ሁለት ሆኖ ጠበቀው። ውኃው ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ያልፋል፤ ድምፁ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። ተመልሶ ጭቃውን ሳይጠርግ ደወለ።

«ስድስት ሜትር ከሰባ ሁለት።»

ከወዲያ ዝም አለ።

«በረኛው፣ ድገም እንጂ።»

«ሰምቼሃለሁ» አለ በረኛው። ድምፁ ደረቅ ነው። «አለቆቼ እዚህ ቆመዋል። በር አስከፍተው ግድባችንን ባዶ ሊያስቀሩ ነው የሚዋሹት ይሉኛል። እንዳልደግመው ታዝዣለሁ።»

ያልተደገመ ቁጥር አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ በር አይከፈትም። ይህን እኔም አውቀዋለሁ። አራሷን አሰብኳት። ባለቤቴ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ እንደሚያወራ ሁሉ፣ «አርባ አልጨመርኩም» አለ።

ከስልኩ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ከባድ ነገር ተጣለ። ኋላ እንደነገረን የሃያ አራት ዓመቱን ደብተሮች ነው ያወረደላቸው። «ከዚህ ውስጥ አንድ ውሸት ፈልጉና በሩን ዝጉት። አሥራ አንድ ቀን ስሕተት ታገኛላችሁ፤ እሱም የጨዋነት ነው» አላቸው። አለቆቹ ማገላበጥ ጀመሩ። እኛ የምንሰማው የወረቀት መገለጥ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ከጆሮው አላነሣም፤ እኔም ጭቃውን አልጠረግሁም።

«ስድስት ሜትር ከሰባ ሁለት» አለ በረኛው በመጨረሻ።

«ትክክል።»

«አምስቱም በር፣ በየተራ፣ ሊከፈት ነው።»

«አምስቱም፣ በየተራ።»

«ትክክል።»

«አሁን ልጅህን አውጣ» አለው ባለቤቴ።

«ሰው ልኬያለሁ። ስልክ ስትደውል እግሬ ነው እዚህ የቆመው፣ ልቤ እዚያ ነው።»

ጎርፉ ግድቡ የደረሰው ከዚያ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በሮቹ ቀድመው ስለተከፈቱ ተከፋፍሎ አለፈ። ከግድቡ ሥር ጥቂት ቤቶች ግድግዳቸው ፈረሰ፣ የአራሷ አንዱ ነበር፤ ሰው ግን አልሞተም። ድንበር ዳር ያለው የእኛ እርሻ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ አለ።

ሠላሳኛው ቀን ነግቶ መሸ። ደብዳቤው አልመጣም፤ የሚፈርመው ሰው አልተገኘም መሰለኝ። በሳምንቱ ኃላፊው ራሱ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም፣ ነጭና ጥቁር፣ ተሸክሞ መጣ። «ሰሌዳው ደብዝዟል ብለውኝ ነበር» አለ። ማንም አላለውም። ባለቤቴ ቀለሙን ተቀብሎ «አዎ፣ ደብዝዟል» አለው።

መምህሩ የደበቅኩት እንዳይመስለው ይህንንም ልጻፍ። ድልድዩ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት እንደተዘጋ ቆየ። ስልካችን አልከፈተውም። መታረቅ ሲፈልጉ ግን መጀመሪያ የተገናኙት በወንዙ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ወንበር ያልተነሣበት ጠረጴዛ እሱ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ በሰሌዳው ምትክ አንድ ሣጥን አቆሙ። ቁጥሩን ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይልካል፤ የሚደግምለት የለም፣ ትክክል የሚለውም የለም። ቤቱን ለእኛ ተዉልን፤ ሰሌዳውንም የሚነቅለው አልተገኘም። ባለቤቴ በየጧቱ እየወረደ ሣጥኑን ከሰሌዳው ጋር ያስተያየዋል። «ማሽኑ አርባ አይጨምርም» ይላል ተመልሶ። እያመሰገነው ይሁን እያማው እስከ መጨረሻው አልለየሁትም። ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። በበጋ ነበር፤ ወንዙ አንድ ሜትር ከስምንት። እኔ ነኝ ወርጄ ያየሁት፤ እሱ ቢሆን ይጠይቅ ነበር ብዬ።

በረኛውም አርጅቷል። ከልጁ ጋር፣ ዳገቱ ላይ በሠሩት ቤት ይኖራል። በየቅዳሜው ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውልልኛል። ጉልበቴ ደረጃውን ስለማይችል ከመስኮት አይቼ እነግረዋለሁ።

«ግምት አልመዘግብም፣ እህቴ» ይለኛል።

«እንግዲያው ጉልበትህን ላክልኝና በእሱ ልውረድ።»

«የእኔ ጉልበት ካንቺ ይብሳል። ባለበት ይቆይ።»

ባለፈው ቅዳሜ ሲደውል የልጅ ልጄ ዳግም መጥታ ከመምህሯ ቀይ ጽሑፍ ጋር ተኮራርፋ ተቀምጣ ነበር። «ሂጂ እስቲ፣ አይተሽ ነይ» አልኳት። የአያቷን ቦት ጫማ አጥልቃ ወረደች። ስትመለስ ስልኩን ሰጠኋት።

«ሦስት ሜትር ከሰባ ገደማ» አለችው።

በረኛው የሚለው እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። «ገደማ የሚባል ቁጥር የለም፣ ልጄ።»

ዳግመኛ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ወረደች። በመስኮት አየኋት። ማዕበል ነበር። ጎንበስ አለች፣ ቆየች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም። እያለከለከች ወጥታ ስልኩን ያዘች።

«ሦስት ሜትር ከስልሳ ስምንት።»

«ሦስት ሜትር ከስልሳ ስምንት» አለ በረኛው።

ከዚያ ዝም ሆነ። ልጅቱ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ተቋረጠ መሰለኝ።»

«አልተቋረጠም፣ አንቺን እየጠበቀ ነው። ትክክል በይው።»

«ትክክል» አለችው።

ያን ጊዜ ነው ደህና አደርሽ ያላት።